በየሳምንቱ በአውሮፕላን ሥራ የምትመላለሱ፣ እንዴት ነው የቻላችሁት?

የሰኞ ተጓዥ · ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ · ረቡዕ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ሂዩስተን ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ነገ ማታ ወደ ቤቴ እበራለሁ። ሰኞ ሌሊት ደግሞ ተመልሼ እመጣለሁ። እንዲህ ስመላለስ አሥራ አራት ወር ሞላኝ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። የምሠራበት ድርጅት እዚህ ላለ ደንበኛ ትልቅ ሲስተም እየዘረጋ ነው። ስጀምር «ቢበዛ ዘጠኝ ወር ነው» ተባልኩ። ዘጠኙ ወር ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም አለፈ። አሁን መቼ እንደሚያልቅ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም።

ሰኞዬ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በረራው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሜትሮ በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በፊት አይጀምርም። ቀዩን መስመር ይዤ፣ መሀል ከተማ ባቡር ቀይሬ ሬገን ናሽናል አየር ማረፊያ እስክደርስ የአውሮፕላኑ በር ተዘግቷል። ስለዚህ ኡበር እጠራለሁ። በዚያ ሰዓት ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ያገሬ ልጅ ነው። አንድ ቀን አንዱ «ወዴት ነው በዚህ ሌሊት?» አለኝ። «ሥራ» አልኩት። «ሥራህ የት ነው?» «ሂዩስተን።» ትንሽ ዝም አለና «ልጆች አሉህ?» አለኝ። ሁለት አሉኝ፤ አንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገልኝና እንድተኛ ተወኝ።

በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሂዩስተን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ሰኞ ለእኔ 25 ሰዓት አለው። ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ቢሮ ነው የምገባው። ሐሙስ ስመለስ ያቺው አንድ ሰዓት ትወሰድብኛለች፤ ቤት ስደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። ዓርብ ከቤት እሠራለሁ። ቅዳሜ የሳምንቱ ጉዳይ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል፦ መኪና፣ ባንክ፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሆዴ መጨነቅ ይጀምራል። ሻንጣው ገና አልወጣም። ባለቤቴ ግን ፊቴን አይታ ታውቃለች። «በቃ፣ አሁን ሄድክ» ትለኛለች፣ ምሳ እየበላን።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩትን ልንገራችሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ አምስት ወር ተቀመጠች። የመመለሻ በረራዋ ዓርብ ጠዋት ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ የሐሙስን የመጨረሻ በረራ ይዣለሁ። ከሰዓት በኋላ ሂዩስተን ላይ ነጎድጓድ ጀመረ። በረራው መጀመሪያ አንድ ሰዓት ዘገየ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ፣ ሰማዩ ጠራ። ሁላችንም ተነስተን ተሰለፍን። የተሰረዘው ያኔ ነው። እናቴን በስልክ ሸኘኋት። ፍተሻው ጋ ቆማ መረቀችኝ። «ድካምህን ይቁጠርልህ» አለችኝ። ሆቴል ተመልሼ ቀናቱን ቆጠርኩ። አምስት ወር ሙሉ ቤቴ ተቀምጣ፣ አብረን የሆንነው ሁለት ወር ቢሞላ ነው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው።

እናንተ እንዴት ቻላችሁት? ልቀጥል? ልተው? ወይስ ቤተሰቤን ይዤ ሂዩስተን ልግባ? ባለቤቴ ጥሩ ሥራ አላት። ልጆቹ ትምህርት ቤቱንም ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ለምደዋል። ደሞዙ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ የቤት ዕዳ እየከፈልንበት ነው።


የድሮ ሾፌር · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ · ረቡዕ ሌሊት

ልጄ፣ ስለ እናትህ አዝናለሁ። በሰላም ገብታ ከሆነ ተመስገን ነው።

አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየመኝ። እኔ እዚህ አገር የገባሁት በፈረንጆቹ 1991 ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ እሠራ ነበር። ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነው። አውሮፕላን ሳልሳፈር፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ እያለሁ። አንተ በሳምንት ሦስት ቀን ታያቸዋለህ። ደሞዝህ ጥሩ ነው፣ ኢንሹራንስ አለህ፣ ሆቴልህ በድርጅቱ ነው። ሥራ ለቆ ሥራ መፈለግ ከባድ ነው። በንዴት አትተው። ቻለው።


ነርሷ ከቬጋስ · ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ · ሐሙስ ጠዋት

የሰኞ ተጓዥ፣ እያነበብኩህ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔ ነርስ ነኝ። ቤቴ ቬጋስ፣ ሥራዬ ኦክላንድ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ለምን ትመላለሻለሽ ለሚለኝ ሰው፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ የምትይዘው በሽተኛ ቁጥር በሕግ የተወሰነ ነው። ሕጉ በ1999 ወጥቶ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ከሁለት በሽተኛ በላይ አይሰጥሽም። ሌላ ቦታ ስሠራ በአንድ ሌሊት ስንት እንደያዝኩ ባልናገር ይሻላል። ደሞዙም ከፍ ይላል። ኦክላንድ ቤት ተከራይቶ ቤተሰብ ማኖር ግን በእኔ አቅም አይታሰብም። ስለዚህ ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት አከታትዬ እሠራና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እዚያ ለሦስት ነርሶች አንድ ክፍል ተከራይተናል። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች።

በረራው ሰዓት ተኩል ነው። ሰው «ሰዓት ተኩልማ ምን አላት» ይለኛል። ከቤት መውጣቱ፣ መኪና ማቆሙ፣ ፍተሻው፣ ጥበቃው፣ ከዚያ ባቡሩ ሲደመር አምስት ሰዓት ይጠጋል። ለመሄጃው ብቻ።

ባለፈው ዓመት ሦስተኛውን ሌሊት ጨርሼ ከሆስፒታል በቀጥታ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ጌቱ ጋ ተቀምጬ ጋቢ የመሰለ ሻርፕ ተከናንቤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጌቱ ላይ የሌላ ከተማ ስም ተጽፏል። ማንንም አልወቀስኩም። ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማታ ቬጋስ ደርሼ በራሴ መኪና ወደ ቤት ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ። መብራቱን ጭራሽ አላየሁትም። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ነው የሚቀበለኝ። ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ የምትበሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ስታርፉ መሪ አትጨብጡ።

ስለ ድካሙ ደግሞ ልንገርህ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ነው። አዲስ አበባም እዚያው አካባቢ ናት፤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎዳው ድርቀቱ ነው። ውኃ ጠጣ። ጉንፋን ከያዘህ ደግሞ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር አትተኛ፤ ማስቲካ አኝክ። ተኝተህ ከወረድክ ጆሮህ ሳምንቱን ሙሉ ሊደፈን ይችላል።

እኔን ያቆየኝ አንድ ነገር ነው። ቀን ቆርጫለሁ። በመጪው ጁን አቆማለሁ። ቀኑ ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ሲመረኝ አየዋለሁ። ያንተን ሳነበው የከበደኝ ይኸው ነው፤ የምታየው ቀን የለህም።


ከራምፕ · ደለስ አካባቢ · ሐሙስ ከሰዓት

እኔ ደለስ ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላኖቹ የሚቆሙበት ሜዳ ላይ ነው የምሠራው። ሻንጣ እንጭናለን፣ እናወርዳለን፣ አውሮፕላኑን ገፍተን እናስወጣለን። ተሳፋሪ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲናደድ በየቀኑ አየዋለሁ። ወንድሜ፣ ያ ሐሙስ ማታ ምን ሆኖ ሊሆን እንደሚችል ልንገርህ።

መጀመሪያ መብረቁ። መብረቅ በቅርብ ርቀት ከታየ ራምፑ ይዘጋል። እኛ ሥራ አቁመን ወደ ውስጥ እንገባለን። ሻንጣ አይጫንም፣ ነዳጅ አይቀዳም። አንተ በመስኮት ስታይ ዝናብ የለም፤ «ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?» ትላለህ። እኛ መብረቁ ራቀ እስክንባል እንጠብቃለን። አውሮፕላን ተከትሎ ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ከሁሉ በፊት የሚመታ ሰው ነው።

ከዚያ የአየር ትራፊኩ። ማዕበሉ መንገዱ ላይ ከሆነ ወደዚያ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ያሉበት እንዲቆዩ ይደረጋል። ግራውንድ ስቶፕ ነው የሚባለው። ያንተ አውሮፕላን ምናልባት ሌላ ከተማ ታስሮ ቀርቷል።

ሰማዩ ከጠራ በኋላ የተሰረዘበት ምክንያት ግን፣ እንደ ልምዴ፣ የአብራሪዎቹ ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ አብራሪ በአንድ ቀን ሥራ ላይ የሚቆይበት ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው። ሥራ እንደጀመረበት ሰዓትና እንደ በረራው ብዛት ከ9 እስከ 14 ሰዓት ነው። ማዕበሉን ስትጠብቁ እነሱም አብረው ጠብቀዋል። እናንተ ስትሰለፉ የእነሱ ሰዓት አልቋል። የሚተካ ሠራተኛ ከሌለ በዚያ ሰዓት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ጌቱ ላይ የቆመችው ልጅ ላይ የሚጮህባት ሰው ሳይ ያመኛል፤ እሷም ከአንተ ኋላ ነው የሰማችው።

አሁን የምታደርገውን ልምከርህ። የሐሙስን የመጨረሻ በረራ አትያዝ። የመጨረሻው ከተሰረዘ ከኋላው ምንም የለም፤ ያለው ነገ ነው። ከእሱ በፊት ያለውን ያዝ። እሱ ቢበላሽ የመጨረሻው ይቀርሃል። የጠዋት የመጀመሪያው በረራ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ ማታውን እዚያው አድሯል፣ ማዕበሉም አብዛኛውን ጊዜ የከሰዓት ነው። በስልክህ አውሮፕላኑ ከየት እንደሚመጣ እይ። እሱ ካልተነሳ አንተም አትነሳም፤ ሰሌዳው የፈለገውን ቢል።

በረራው ከተሰረዘ፣ ወይም አገር ውስጥ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ አንተ «አልሄድም» ካልክ፣ ገንዘብህ ይመለሳል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሳትለምን እንዲመልሱ ሕጉ ያዛል። የሚሰጡህን ኩፖን ለመቀበል አትቸኩል።

ደግሞም አንድ ነገር ቀንቶሃል። ሬገን ናሽናል፣ ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች በቀር፣ ከ1,250 ማይል በላይ ቀጥታ በረራ አይፈቀድለትም። ሂዩስተን ከዚያ ለጥቂት ነው የምታንሰው። ሥራህ ትንሽ ምዕራብ ብሎ ቢሆን ኖሮ በየሳምንቱ መሀል ላይ አውሮፕላን መቀየር ሊኖርብህ ይችል ነበር።


የሰኞ ተጓዥ · ሐሙስ ማታ

ጌቱ ጋ ሆኜ ነው። ዛሬ በሰዓቱ ነው። የራምፑ ወንድሜ፣ ስለ አብራሪዎቹ ሰዓት ያልከው አሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያን ማታ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌባት ነበር። ሳገኛት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እዚያው ጌት ላይ ብዙ ጊዜ አያታለሁ።

ነርሷ እህቴ፣ አንቺን እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም።


የተጓዥ ሚስት · አውሮራ፣ ኮሎራዶ · ዓርብ

እስቲ እኔ ደግሞ ቤት ስለሚቀረው ወገን ልናገር። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ከዴንቨር ሲያትል ተመላልሷል። ሰኞ ሄዶ ሐሙስ ይመለሳል። እሱ ደክሞት ይመጣል፣ እኔ ደክሞኝ እቀበለዋለሁ። ለብዙ ጊዜ ጠባችን «የእኔ ድካም ይብሳል» ነበር።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤቱ የራሱ ሥርዓት አለው። መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ቴሌቪዥን መቼ እንደሚጠፋ። ሐሙስ ማታ እሱ ይገባል። ስለናፈቁት ሁሉን ይፈቅዳል። ወይም ስለደከመው ሁሉን ይከለክላል። ዓርብ ስነሳ ሥርዓቱ የለም። ሰኞ ደግሞ እሱ ይሄዳል፣ እኔ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ውኃ ጠማት። አባቷ አጠገቧ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ተነስታ ፎቅ ድረስ መጥታ እኔን ጠየቀችኝ። ስወርድ ፊቱን አየሁት። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ያን ማታ ግን ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

ያደረግነው ይህ ነው። ዓርብ ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆነ። ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ዋና ማስተማር፣ እራት፣ ጸጉር ማጠብና መሥራት። እኔ ከቤት እወጣለሁ፤ እየደወልኩም አልቆጣጠርም። የጸጉሩ ነገር ብዙ ወር ፈጀበት። አሁን ሹሩባ ይሠራል፣ እውነቴን ነው። ልጅቷም ዓርብ ሲሆን ከእሱ ጎን አትለይም።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ማታ መደወሉን ተውነው። ማታ እሱም ደክሞት፣ ልጆቹም እየተነጫነጩ፣ «ደህና እደሩ» ለማለት እንኳ እንጣላ ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ አደረግነው። ስልኩን ከስኳሩ ጎን አቁመን አብሮን ይበላል። ሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እሱ ገና ሳይነጋ ይነሳል። አንድም ቀን አልቀረም።

የሰኞ ተጓዥ፣ ስለ እናትህ ራስህን አትቅጣ። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ቀን ሲኖርብህ ግን ረቡዕ ና። ሐሙስን አትመን።

ጋሼ የድሮ ሾፌር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «ቻለው» ብለዋል። ልጆችዎ ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ምን ይላሉ?


ዱባይ ሪያድ · ዓርብ

የእኔ በረራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በበረራው አልማረርም። የእኔ ጣጣ የዕረፍት ቀን ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የዕረፍት ቀኗን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውራለች፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል። ሳዑዲ ግን ዓርብና ቅዳሜ እንደሆነ አለ። እኔ እሑድ ጠዋት ሪያድ ቢሮ መገኘት አለብኝ። ባለቤቴ ዱባይ ዓርብ ሥራ ናት፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት። ሁላችንም ሙሉ ቀን አብረን የምንውለው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ሻንጣ ይዤ እወጣለሁ።

ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው እኩል ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከሚስቴ ይልቅ ከእናቴ ጋር ነው ሰዓቴ የሚገጥመው።


ጾመኛዋ · አትላንታ፣ ጆርጂያ · ቅዳሜ

ረቡዕ እዚያ ሆቴል ውስጥ ምን ትበላለህ? እኔ በሥራዬ ምክንያት ብዙ እበራለሁና ላካፍልህ። አየር ማረፊያ ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ጥብስ ድንችና ፍራፍሬ ብቻ ይሆንብሃል።

እንጀራ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በእጅ ሻንጣ ያልፋል። ወጥ ግን ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ይጣላል፤ እኔ ሙሉ ዕቃ ምስር ወጥ ጥዬ አልፌያለሁ። መፍትሔው ማታውን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ድንጋይ ሆኖ ከቀረበ ያልፋል፤ መቅለጥ ከጀመረ ግን አይሆንም። በርበሬና ሽሮ ዱቄት ችግር የለውም። ከአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ የሚበልጥ ከሆነ ግን ለብቻው አውጥተህ አሳይ፤ እንዳያቆዩህ።


የሰኞ ተጓዥ · ቅዳሜ

እህቴ፣ እስከዛሬ ረቡዕን በዳቦና በኦቾሎኒ ቅቤ ነው የማልፈው። ባለቤቴ ይህን አንብባ ሽሮውን ዛሬውኑ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታለች።


ሒሳብ ሠራተኛ · ሲያትል፣ ዋሽንግተን · እሑድ

የሰኞ ተጓዥ፣ ዓይኔ «አሥራ አራት ወር» ያልከው ላይ ቀረ። የእኔ ሥራ ታክስ ነው። ይህን ማንም ያልነገረህ ይመስለኛል።

አይአርኤስ (የአሜሪካ ፌዴራል የታክስ መሥሪያ ቤት) ከቤት ርቆ የሚሠራን ሥራ ጊዜያዊ የሚለው ከአንድ ዓመት አይበልጥም ተብሎ በእውነት ሲታሰብ ነው። ያኔ ድርጅቱ የሚከፍልልህ ትኬት፣ ሆቴልና ምግብ፣ ደረሰኙ በሥርዓት እስከቀረበ ድረስ፣ ታክስ የለበትም። ሥራው ከዓመት እንደሚበልጥ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሕጉ ዓይን የሥራ ቦታህ ሂዩስተን ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚከፈልልህ ወጪ እንደ ደሞዝ ይቆጠራል፤ ታክስ ይቆረጥበታል። ልብ በል፣ ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን አይደለም የሚያየው። «ይበልጣል» ተብሎ የታወቀበትን ቀን ነው።

ከኪስህ የምታወጣውን ደግሞ ተቀጣሪ ስለሆንክ ከፌዴራል ታክስ መቀነስ አትችልም። ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል፤ በ2025ቱ ሕግ ደግሞ ለዘለቄታው ቀርቷል። ቴክሳስ የገቢ ታክስ የላትም ብለህ እንዳትጽናና፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆንክ ሜሪላንድ ታስከፍልሃለች። የቬጋሷ እህታችን ደግሞ በተቃራኒው ናት። የምትኖርበት ኔቫዳ አይቆርጥም፣ የምትሠራበት ካሊፎርኒያ ይቆርጣል።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። «ይህ ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለውን ጥያቄ እስከዛሬ እንደ ውለታ ስትጠይቅ ኖረሃል። የድርጅቱም ጉዳይ ነው። በጽሑፍ ጠይቅ። የራስህን ወረቀት ይዘህ ደግሞ ታክስ የሚያውቅ ሰው አማክር።


የድሮ ሾፌር · ማክሰኞ ሌሊት

የአውሮራዋ እህቴ፣ ጥያቄሽን አራት ቀን ይዤው ዞርኩ።

ልጆቼ ደህና ናቸው። ተምረዋል፣ ያከብሩኛል። አማርኛ ይሰማሉ፣ አይናገሩም። ትልቁ ልጄ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ልጅ ሆኜ አንተን የማውቅህ በቁልፍህ ድምፅ ነው» አለኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ። ሌሊት ስገባ ቁልፉ ሲዞር ይሰማ ነበር። እኔ ተኝቷል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ አይቼው እሄዳለሁ። ለካ ነቅቶ ነበር። ለምን እንዳልጠራኝ ስጠይቀው «እንዲደክምህ አልፈለግኩም» አለኝ።

ሥራ መክበር አለበት ያልኩት አሁንም ልክ ነው። ግን የሰኞ ተጓዥ፣ የነርሷን ምክር ስማ። እኔ ታክሲውን ስገዛ ለአምስት ዓመት ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ የትም አልጻፍኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ።


የሰኞ ተጓዥ · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት

ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ።

ሥራ አስኪያጄን አናገርኩት። ስለ ልጆቼና ስለ እናቴ ልነግረው ነበር ያሰብኩት። ተውኩትና የሒሳብ ሠራተኛው የነገረኝን በኢሜይል ጻፍኩለት። መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት ወር እንደተባለ፣ ከዓመት ይበልጣል የሚለውን መቼ እንዳወቅን። ማብቂያውን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። በማግስቱ ደወለልኝ። አሥራ አራት ወር መልስ ያጣሁለት ጥያቄ በአሥር ቀን ተመለሰ። በኦክቶበር መጨረሻ ያልቃል፤ ወረቀቱ በእጄ ነው። እስከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ እሄዳለሁ። ሌላውን ሳምንት ከቤት እሠራለሁ።

ላለፉት ወራት ታክስ ይመጣብኛል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴ ቁጥሩን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ይምጣ» አለች።

የመጨረሻውን በረራ ትቻለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት የ8 ሰዓቱን ነው የምይዘው። ባለፈው ሐሙስ እሱም ዘገየ። ግን ልጆቹ ሳይተኙ ገባሁ። ዓርብ ደግሞ የእኔ ሆኗል። የልጄን ጸጉር እኔ አጥቤያለሁ፣ እያለቀሰች ነው ያለቀው። ሹሩባው ገና ነው፣ የአውሮራዋ እህቴ። የጌቷን ልጅ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አላስታወሰችኝም፤ በዚያ ማታ ብዙ ሰው ጮሆባታል።

ዛሬ ሰኞ ቤት ነኝ። ጠዋት እናቴ ደውላ ነበር። ሁልጊዜ ስትደውል መጀመሪያ የምትለኝ «ዛሬ የት ነህ?» ነው፤ ከጤናዬ በፊት። ቤት ነኝ ስላት አላመነችኝም። ልጆቹን አገናኘኋት። ሁለቱም ተራ በተራ ነገሯት።


ነርሷ ከቬጋስ · ሰኞ

ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው።


የድሮ ሾፌር · ሰኞ ማታ

እናትህን ሰላም በልልኝ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የምነቃው፤ ሰውነቴ አለቀቀውም። የምትሄድበት ሰኞ ሲሆን በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ። ሬገን ናሽናል ከእኔ ቤት ቅርብ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው። መጥቼ አደርስሃለሁ። ሬዲዮም አልከፍትም፣ ትተኛለህ።